አንድ መዝገብ፣ ሦስት መቶኛ፦ የደም ግፊት ክትትልን አቆጣጠር በተመለከተ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች፣ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት፣ እንዲሁም ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የሕክምና ጥራት መለኪያዎችና የኅብረተሰብ ጤና ግቦች በአንድ አቆጣጠር እንዲሄዱ ስለመጠየቅ

አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በምሳሌ እንውሰድ። በደረጃው መሠረት የሚያገለግለው ወደ 25,000 ሕዝብ ነው። ከዚህ ውስጥ ዕድሜው ከ15 እስከ 69 የሆነው 13,000 ነው እንበል። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት (ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን አጋላጭ ሁኔታዎች የሚለካው) በዚህ የዕድሜ ክልል ከሚገኙት ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የየወረዳው ቁጥር ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፤ ለስሌት ያህል ግን ይበቃናል። በጤና ጣቢያው ክልል ወደ 2,080 ሰው ግፊት አለበት ማለት ነው። በግፊት መዝገቡ ላይ የሰፈሩት 260 ናቸው። ባለፈው ሩብ ዓመት ለክትትል የመጡት 150። ከመጡት ውስጥ ግፊታቸው ከ140/90 በታች የሆነው 105።

እንግዲህ ይህ ጤና ጣቢያ ስንት በመቶ አሳካ? የጥራት ክፍሉ 105ን ለ150 ያካፍልና 70 በመቶ ብሎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር የቆጠረ ሰው 105ን ለ260 አካፍሎ 40 በመቶ ይላል። የወረዳው ዕቅድ ባለሙያ ሕዝቡን አስቦ 105ን ለ2,080 ካካፈለ የሚያገኘው 5 በመቶ ነው። ሦስቱም አልዋሹም። ላዕሉ፣ ማለትም የሚካፈለው ቁጥር፣ ያው 105 ሰው ነው፤ የተለያየው ታህቱ፣ በሥራ ቋንቋችን ዲኖሚኔተሩ ነው። ችግሩ ሦስቱ ቁጥሮች በሦስት ክፍል፣ በሦስት ስብሰባ፣ ለሦስት አለቃ መቅረባቸውና አንድም ጠረጴዛ ላይ አብረው አለመቀመጣቸው ነው። 70 በመቶውን ያየ ኃላፊ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ 5 በመቶውን ያየ ዘመቻ ይጠራል። በመካከል የጠፉት 110 ሰዎች የማንም ሥራ አይሆኑም።

የምንጠይቀው ሦስቱ ቁጥሮች ከአንድ መዝገብ፣ በአንድ ትርጉም፣ በአንድ ቀን እንዲወጡና እያንዳንዳቸው ባለቤት እንዲኖራቸው ነው። ባለቤትነቱን መለየት የግድ ነው፤ ጤና ጣቢያውን ረግጠው ለማያውቁት 1,820 ሰዎች የክትትል ክፍሏን ነርስ ተጠያቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነውና። 70ው የክፍሉ፣ 40ው የጤና ጣቢያው፣ 5ቱ የወረዳው ይሁን። ሦስቱን ግን ሦስቱም ይዩአቸው።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሃርትስ መመሪያ (የልብና የደም ሥር በሽታን ለመከላከል የወጣው) የሚለው፣ በእኛም አመልካች ዝርዝር ውስጥ ያለው፣ የ6 ወር ቁጥጥር መለኪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት፣ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም፣ 48 ሰው አዲስ ተመዘገበ እንበል። የሪፖርት ወራችን ከ21 እስከ 20 ስለሆነ ሰኔ 21 የተመዘገበው ከሐምሌ ጋር ይቆጠራል፤ ይህቺን የሚስት ብዙ ነው። የእነዚህ 48 ሰዎች ውጤት የሚታየው በሦስተኛው ሩብ ዓመት፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። መጋቢት ሲዘጋ መዝገቡ ይከፈታል፣ ስሞቹ ከላይ እስከ ታች በጣት እየተነኩ ይነበባሉ፣ እያንዳንዱ ሰው ከአምስት ቦታ አንዱ ላይ ይወድቃል፦ በሩብ ዓመቱ በመጨረሻ ሲመጣ ግፊቱ ከ140/90 በታች የነበረ፣ መጥቶ ያልወረደለት፣ ያልመጣ ወይም መጥቶ ያልተለካ፣ ወደ ሌላ ተቋም ሄዶ መድረሱ የተረጋገጠ፣ የሞተ። 22፣ 9፣ 14፣ 2፣ 1 ሆነ እንበል፤ ድምሩ 48። መድረሳቸው የተረጋገጠው 2ቱ ብቻ ከታህቱ ይወጣሉና 22 ለ46 ይካፈላል፤ 48 በመቶ ገደማ። ያልመጡትንና የሞተውን አውጥቶ 22ን ለ31 ያካፈለ ግን 71 በመቶ ያገኛል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የግፊት መዝገባችን ግን ይለቃል። መዝገቡ ሞልቶ አዲስ ሲከፈት ወደ አዲሱ የሚገለበጡት ሰሞኑን የመጡት ናቸው፤ የጠፉት በአሮጌው ጥራዝ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። በአንድ ጀንበር ታህቱ ይቀንሳል፣ መቶኛው ይነሣል፣ ግራፉ ደስ ይላል። ስለዚህ ጥራዝ ሲቀየር የድሮው ተራ ቁጥር ሳይዘለል እንዲሸጋገር፣ የተሸጋገረውም ብዛት በሁለት ሰው ፊርማ እንዲረጋገጥ መመሪያው በግልጽ ሊያዝ ይገባል።

ይህ ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። የቲቢ ክፍሎቻችን በ1992 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ ከተጀመረው የዶትስ (በቅርብ ክትትል የሚሰጥ የቲቢ ሕክምና) ሙከራ ወዲህ ታካሚን በምድብ ይዘው እስከ መጨረሻ ይቆጥራሉ፤ የጠፋው «ጠፋ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይፋቅም። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ክፍሎችም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የግፊት ክትትሉ ከእነዚህ ክፍሎች ሁለት በር አልፎ ነው፤ ልምዱ ግን ያንን ኮሪደር ሳይሻገር ቀርቷል።

ታህቱ ቢስተካከል እንኳ ላዕሉ ካልታመነ ዋጋ የለውም። ላዕሉ የሚወለደው ክንድ ላይ ነው። ታካሚው 5 ደቂቃ አርፎ፣ ፊኛውን አስወጥቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አሳርፎ፣ ሳያወራ መለካት አለበት፤ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ቆይቶም ሁለተኛ ጊዜ። ከዚያ በፊት ባለው 30 ደቂቃ ቡና መጠጣት የለበትም፤ ማልዶ ከቤቱ የወጣ ሰው የጤና ጣቢያው በር ላይ ካለችው ጀበና አንድ ሲኒ ሳይል እንደማይገባ ደግሞ እናውቃለን። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ) ከተጠቀለለ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይነበባል፤ ክንዱ ወደ ታች ከተንጠለጠለም እንዲሁ። መለኪያው በተራ መጠበቂያው ግርግር መሀል ከሆነ፣ «እማማ፣ መድኃኒቱን ወስደዋል?» እየተባለ ከተለካ፣ የሚመዘገበው የወሬውና የጥድፊያው ግፊት ነው። መካከለኛና ትልቅ ካፍ፣ አንድ የክንድ ማሳረፊያ ጠረጴዛ፣ ጀርባ ያለው ወንበር፤ ወጪው ይኸው ነው።

አለካኩን ከወንበር ሳይነሡ የሚፈትሹበት መንገድም አለ። ከመዝገቡ የመጨረሻዎቹን 50 የላይኛ ግፊት ንባቦች ይውሰዱና በ0 የሚያልቁትን ይቁጠሩ። በእጅ የሚነፋው መሣሪያ በ2 በ2 ስለሚነበብ፣ በትክክል ከተለካ በ0 የሚያልቀው ከ50 ውስጥ 10 አካባቢ ነው፤ በዲጂታሉ ደግሞ 5 አካባቢ። 35 ወይም 40 ካገኙ ንባቡ በግምት ተሞልቷል። ቀጥሎ 136 እና 138 ላይ ክምር መኖሩንና 142 እና 144 ባዶ መሆኑን ይመልከቱ። ከ140 በታች ግድብ የተሠራ የሚመስል ገጽ ሲታይ፣ ያን ጊዜ መለኪያው ለታካሚው ሳይሆን ለግብ ሲባል ተጽፏል። ወርኃዊው የኤል.ኪው.ኤ.ኤስ. ፍተሻ፣ ማለትም በናሙና የሚደረገው የመረጃ ጥራት ፍተሻ፣ ይህን አይዝም። እሱ የሚያነጻጽረው 12 የመረጃ ነጥቦችን ከመዝገቡና ከሪፖርቱ ነው፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ራሱ ግምት ከሆነ ሪፖርቱ ግምቱን በትክክል ገልብጦ ፈተናውን ያልፋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነው፤ መለኪያዎቻችን እርስ በርስ ይጣላሉ።

ግፊቱ ለተረጋጋ ታካሚ የ3 ወር መድኃኒት መስጠት ጥሩ ሕክምና ነው። ሰውየው በዓመት 12 ጊዜ መመላለሱ ወደ 4 ይወርዳል፣ የመጓጓዣ ገንዘቡና የሥራ ቀኑ ይተርፋል፣ የመጥፋት ዕድሉም ይቀንሳል። በሪፖርቱ ላይ ግን ጤና ጣቢያው ይቀጣበታል። የተመላላሽ ታካሚ ብዛት ለሕዝብ ብዛት ተካፍሎ እንደ አገልግሎት አጠቃቀም አመልካች ስለሚታይ፣ 8 ጉብኝት የቀነሰለት እያንዳንዱ ታካሚ አመልካቹን ወደ ታች ይጎትታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ክፍያም በተሰጠው አገልግሎት ልክ በሚታሰብበት ቦታ፣ ያልመጣ ሰው ያልገባ ገንዘብ ነው። የ6 ወር መለኪያውም ራሱ ካልታሰበበት ያጠምዳል፤ ታኅሣሥ 19 የ3 ወር መድኃኒት የወሰደ ሰው ቀጠሮው መጋቢት 19 ነው፤ በ3 ቀን ዘግይቶ መጋቢት 22 ቢመጣ ሩብ ዓመቱ ተዘግቷልና «ያልመጣ» ይባላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የ3 ወር መድኃኒት የሚሰጠው ቀጠሮው ሩብ ዓመቱ ከመዘጋቱ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲውል ተደርጎ ይሁን፤ የተረጋጋ ታካሚ የ3 ወር መድኃኒት ሲወስድ በአጠቃቀም አመልካቹ ላይ ለብቻው ይገለጽ፤ የጤና መድኑም ለግፊትና ለስኳር ክትትል በጉብኝት ሳይሆን በተያዘ ታካሚ በሩብ ዓመት የሚከፍልበትን መንገድ ይሞክር። ይህን የመጨረሻውን ጤና ሚኒስቴር ብቻውን ሊወስነው አይችልም፤ ለዚህም ነው ደብዳቤው ለሁለቱም የተጻፈው።

ሁለተኛው ጠብ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ መካከል ነው። የተረጋጋውን ታካሚ ወደ ቀዬው ጤና ጣቢያ መመለስ በየመመሪያው ያለ ነገር ነው። ግን የተረጋጋውን የመለሰ ሆስፒታል ከራሱ ላዕል ላይ ሰው ቀነሰ፤ አስቸጋሪዎቹ እጁ ላይ ቀሩና መቶኛው ወረደ። የተረጋጉትን አጥብቆ የያዘው ጎረቤቱ ተሸለመ። በአንጻሩ ጤና ጣቢያው አስቸጋሪውን ሁሉ ወደ ላይ ልኮ ቁጥሩን ያሳምራል። ሆስፒታሎች በጥራት ጥምረት ተደራጅተው እርስ በርስ የሚማማሩበት አሠራር አለን፤ የሚለካው ነገር ግን ከአጥር ውስጥ አይወጣም። አንድ ሆስፒታልና በሥሩ ያሉ ጤና ጣቢያዎች የሚጋሩት አንድ የጋራ የግፊት ቁጥጥር መቶኛ ይኑር፤ ሰውየው የትም ይታይ የት፣ አንድ ጊዜ ይቆጠር። ሪፈር የተደረገም ተቀባዩ «ደርሶኛል» እስኪል ከላኪው ታህት አይውጣ። በዚህ አሠራር የሪፈር ወረቀት መልስ የማግኘት ዕድሉ ከሥልጠናና ከማሳሰቢያ ደብዳቤ ይልቅ እንደሚጨምር እርግጠኞች ነን፤ ሁለቱም ወገን ቁጥር ያስፈልገዋልና።

መድኃኒት ቤቱን ሳንጠራ ደግሞ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። በየ2 ወሩ የሚላከው የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ የሚሰላው ባለፈው ፍጆታ ነው፤ የ2 ወሩ ፍጆታ በ2 ይባዛና የ4 ወር ጣሪያ ይሆናል፣ ከዚያ በእጅ ያለው ተቀንሶ ቀሪው ይጠየቃል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በቀን አንድ አምሎዲፒን (የግፊት መድኃኒት) የሚወስዱ 150 ሰዎች በ60 ቀን 9,000 እንክብል ይጨርሳሉ፤ ጣሪያው 18,000 ነው። ጥራት ክፍሉ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተባብሮ የጠፉትን 110 ሰዎች በአንድ ወር ቢመልስስ? 18,000 እንክብል ለ260 ሰው 69 ቀን ብቻ ይበቃል። የ4 ወር የተባለው ክምችት በ2 ወር ከ9 ቀን ያልቃል፣ በስንት ልመና የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን ይሸኛል፣ ሁለተኛም አይመለስም። ፍለጋው የከሸፈው በመሳካቱ ነው። ስለዚህ የፍለጋ ዕቅዱ መጠየቂያው ከመዘጋቱ በፊት ለፋርማሲ ባለሙያው ይድረስ፤ በጥያቄው ላይም በፍጆታ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ባለው ሰው ብዛት የተሰላ ጭማሪ ከነምክንያቱ ይጻፍ። መድኃኒቱ ጠፍቶ ከነበረም፣ ለምሳሌ ከ60ው ቀን 24 ቀን ካልነበረ፣ የታየው ፍጆታ የ36 ቀን ነው፤ ለ36 ተካፍሎ በ60 መባዛት አለበት። ያለዚያ የዛሬ እጥረት የነገን እጥረት ይወልዳል፣ በወረቀት ላይም ፍላጎቱ የቀነሰ ይመስላል።

የጠፉትን የማምጣቱ ሥራ ራሱ ከባድ የሚሆነው ዝርዝሩ ሲዘገይ ነው። ቀጠሮ ካለፈ በ7 ቀን ስልክ፣ በ14 ቀን ስሙና ጎጡ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ በ28 ቀን መልሱ ወደ መዝገቡ። ሠራተኛዋ በጤና ኬላዋ ለእናቶችና ለሕፃናት ቀጠሮ የምትጠቀምበት የወራት ሳጥን አላት፤ የግፊቱም ካርድ እዚያው ይግባ እንጂ ሌላ ቅጽ አይጨመርባት። በሩብ ዓመት አንዴ 110 ስም በአንድ ወረቀት መላክ ግን ሥራን ከራስ ላይ ማውረድ ነው። መልሱም «አልተገኘም» ብቻ አይሁን፤ መድኃኒት ጠፍቶ፣ ገንዘብ አጥቶ፣ ተሽሎኛል ብሎ፣ ጠበል ገብቶ፣ አካባቢ ለቅቆ፣ ሞቶ። እነዚህ ምክንያቶች ተቆጥረው ወደ ወረዳው ስብሰባ ካልመጡ የወረዳው 5 በመቶ የሚያድግበት መንገድ አይታወቅም።

ከውጭ አገር ሁለት ልምድ ብቻ እንጥቀስ። በብሪታንያ በ2004 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ሐኪሞች በጥራት መለኪያ ውጤት እንዲከፈላቸው ሲደረግ፣ 3 ጊዜ ተጠርቶ ያልመጣን ታካሚ ከስሌቱ ማውጣት ተፈቀደ። ለሐኪሙ ተገቢ ነው፤ ለሕዝብ ጤና ግን ከስሌቱ የወጣው ሰው ዋናው ተፈላጊ ነበር። በሌላ በኩል በሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የጤና መድንና የሕክምና ድርጅት ከ2001 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ቁጥጥሩን ከ44 ወደ 80 በመቶ ሲያደርስ፣ መዝገቡም አብሮ ከ350,000 ገደማ ወደ 650,000 ገደማ ሰው አድጓል። ታህቱ እያደገ መቶኛው ወጣ። አንድ የሕክምና አካሄድ ነበራቸው፣ የየማዕከሉን ውጤት በየጊዜው እርስ በርስ ያሳዩ ነበር፣ ግፊት ብቻ ለመለካት ለሚመጣ ሰው የጉብኝት ክፍያ አልነበረም። የእኛ አቅምና የእነርሱ አቅም አይወዳደርም፤ የአቆጣጠሩ ሥርዓት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ለዚህም ነው ማንኛውም ሽልማት ከመቶኛው ብቻ ጋር እንዳይያያዝ የምንለምነው። ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለ ሰዎች ብዛት ከአምናው በስንት ጨመረ የሚለው አብሮ ካልታየ፣ ሰው ባለመመዝገብ መሸለም ይቻላል።

ተጨማሪ ሪፖርት እየጠየቅን እንዳይመስል፣ የሚቀነስም እንጠቁም። በልየታ ዘመቻ «ስንት ሰው ተለካ» የሚለው ቁጥር ለብቻው ሲላክ ምንም አያስተምርም። ተለክቶ ከፍ ያለበት፣ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ መዝገብ ላይ የሰፈረ፤ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። በአንድ ገበያ ቀን 400 ሰው ለክቶ 3 ሰው ያስመዘገበ ዘመቻ የባትሪ ድንጋይ ጨርሷል።

የምንጠይቀው ሙከራ አገር አቀፍ አይደለም። አንድ ሆስፒታልና በሥሩ ያሉ ጤና ጣቢያዎች፣ አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የመድን ቅርንጫፉ፣ ለ4 ተከታታይ ሩብ ዓመት። በወርኃዊው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ስብሰባ ላይ የጥራት፣ የመረጃ፣ የፋርማሲና የጤና ኤክስቴንሽን ተወካይ አብረው ይቀመጡ፤ ሦስቱ መቶኛዎች በአንድ ገጽ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ላዕሉና ታህቱ በቁጥር ተጽፈው ይቅረቡ። መቶኛ ብቻውን ከቀረበ ሰብሳቢው ይመልሰው። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት የሁሉም መቶኛ እንደሚወርድ ከወዲሁ ለአለቆች ይነገር፤ 70 ይዞ የኖረ ጤና ጣቢያ 40 ሲያቀርብ ማብራሪያ ተጠየቅ የሚል ደብዳቤ ከደረሰው፣ በቀጣዩ ሩብ ዓመት 70ውን መልሶ ያመጣዋል።

ቀጣዩ የግፊት መዝገብ ከመታተሙ በፊት ደግሞ ሦስት ዓምድ ይጨመርበት፦ የድሮው ጥራዝ ተራ ቁጥር፣ ቀጠሮ ሲያልፍ ፍለጋ የተደረገበት ቀን፣ የተገኘው ምክንያት። ቦታ ከጠበበ ባዶ የሚቀረው «ምርመራ» የሚለው ሰፊ ዓምድ ቢጠብ ማንም አይጎዳም።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕክምና ጥራት፣ በጤና መረጃና በመድኃኒት አቅርቦት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች